ነፍሰ ጡር ሆኖ ተራራ መውጣት፣ ወልዶም ሕፃን ይዞ መመለስ፦ የእግር ጉዞ መመሪያ

ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ መውጣት ከጀመርኩ ወዲህ በስልክም በአካልም ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ «አርግዣለሁ፤ ጉዞውን ላቁም ወይስ ልቀጥል?» የሚል ነው። ያችው ጠያቂ ከወራት በኋላ ተመልሳ «መቼ ልውጣ? ሕፃኑንስ ይዤው ብመጣ?» ትለኛለች። ለእያንዳንዷ ለየብቻ ስመልስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ስለምረሳ መልሱን በቅደም ተከተል እዚህ ጽፌዋለሁ። እኔ በሁለቱም እርግዝናዎቼ የተራመድኩ እናት እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ የክትትል ሐኪምሽ ወይም አዋላጅ ነርስሽ ከዚህ የተለየ ነገር ከነገረችሽ የእርሷን ያዢ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ፣ ሕክምናዊ ክልከላ የሌለባቸው ነፍሰ ጡሮችና የወለዱ እናቶች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ይህ በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ከማርገዝሽ በፊት የምትራመጂ ከነበርሽ በዚያው መቀጠል ትችያለሽ፤ አዲስ ጀማሪ ከሆንሽ ግን በ10 ወይም በ15 ደቂቃ የሜዳ መንገድ ጀምረሽ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ጨምሪ እንጂ ዳገትን የመጀመሪያ ቀን አትሞክሪው። ከቀድሞው ጉዞሽ የሚለየው ዋናው ነገር ዕቅዱ ነው፤ ከአሁን በኋላ መጀመሪያ የምታስቢው እንዴት እንደምትመለሺ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሶሉ ጥርስ ያለው፣ የተለመደ ጫማ። በእርግዝናው መጨረሻ ወራት እግር ስለሚያብጥ ከወትሮው በግማሽ ወይም በአንድ ቁጥር የሚበልጥ ያስፈልግሽ ይሆናል።
- አንድ ወይም ሁለት ምርኩዝ። ከሱቅ የተገዛም ሆነ ከባሕር ዛፍ የተቆረጠ ልዩነት የለውም፤ ቁመቱ መሬት ላይ ሲቆም ክርንሽ ወደ 90 ዲግሪ የሚታጠፍበት ይሁን።
- 2 ሊትር ውሃ፣ እንዲሁም አንድ ከረጢት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ)። አንዱ ከረጢት የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው።
- በሶ፣ ቆሎ፣ ሙዝና ብርቱካን።
- ሰፊ ባርኔጣ፣ የዝናብ ልብስ፣ ነጠላ።
- የእርግዝና ክትትል ካርድሽ። የደም ዓይነትሽና የእርግዝናው ሳምንት የተጻፈበት ስለሆነ አንድ ነገር ቢፈጠር የምታገኚው የጤና ባለሙያ ከባዶ አይጀምርም።
- ባትሪው የሞላ ስልክ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 የተመዘገበበት።
- ሶፍት፣ የንጽሕና መጠበቂያ ፓድ፣ ቆሻሻ መያዣ ፌስታል።
- አብሮሽ የሚሄድ አንድ ሰው። ይህንን ከዕቃ ጋር የደረደርኩት ያለ እርሱ መውጣት ስለማይቻል ነው።

በእርግዝና ጊዜ

1. በክትትል ቀጠሮሽ ቀን ጥያቄሽን ዘርዝረሽ አቅርቢ።

«ስፖርት መሥራት እችላለሁ?» ብለሽ ብትጠይቂ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለስልሽ «ራስሽን አታድክሚ» የሚል ነው፤ ምን እንዳሰብሽ ባለሙያዋ አታውቅምና። «ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቦታ፣ ዳገትና ቁልቁለት እራመዳለሁ፤ ከመኪና መንገድ የምርቀው ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ በእኔ እርግዝና ይህን የሚከለክል ነገር አለ?» በያት። በዚያው የደም ግፊትሽን፣ የደም ማነስ መኖር አለመኖሩን እና በአልትራሳውንድ የታየውን የእንግዴ ልጁን አቀማመጥ አረጋግጪ።

ማስጠንቀቂያ፦ እንግዴ ልጁ የማሕፀኑን አፍ ሸፍኖ ከተገኘ፣ ደም ከፈሰሰሽ፣ ሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ የማሕፀን በር መላላት ወይም ያለ ጊዜው የመውለድ ምልክት ካለ፣ በእርግዝና የመጣ የደም ግፊት፣ ከባድ የደም ማነስ፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ካለብሽ፣ ወይም መንታ ካረገዝሽ፣ በግልጽ ካልተፈቀደልሽ በቀር አትውጪ።

2. ከፍታውን ከምትኖሪበት ቦታ ጋር አነጻጽሪ።

አዲስ አበባ በአማካይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ስለሆነች ለዓመታት የኖርሽባት ሰውነትሽ ቀጭኑን አየር ለምዶታል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው የእንጦጦ ጫፍ ለአንቺ ጥቂት መቶ ሜትሮች ጭማሪ ብቻ ነው። ከዱባይ ለዕረፍት የመጣች ወይም ከጋምቤላ የተዛወረች ነፍሰ ጡር ግን ሁኔታዋ ፈጽሞ ሌላ ነው። እርሷ ከተማው ራሱ ከፍታ ስለሆነባት ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት በሜዳ ላይ ብቻ ትራመድ፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም እንቅልፍ ማጣት ካለባትም ወደ ላይ መውጣቱን ትተወው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ያንኑም የምትካፈሉት ሁለት ሆናችሁ ነው።

በስሜን ተራሮች ግጭና ጨነቅ የሚገኙት የድንኳን ማደሪያዎች ከ3,500 ሜትር በላይ ናቸው፤ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። እነዚህ ከሆስፒታል የሚርቁና ሌሊትም የሚታደርባቸው ስለሆኑ ከወሊድ በኋላ ይቆዩሽ። ወደ ቆላ የምትወርጂ ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ ወደ አርባ ምንጭ፣ ጥያቄው የወባ ይሆናል፤ ነፍሰ ጡርን ወባ ከሌላው ሰው ይልቅ ይጎዳታል። በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ከ2,000 ሜትር በታች ወዳሉ ቦታዎች ከመሄድሽ በፊት ሐኪም አማክሪ፣ አጎበርም ያዢ።

3. መንገዱን በመመለሻው ምረጪ።

ጥሩ መንገድ የሚባለው በማንኛውም ነጥብ ላይ «በቃኝ» ብትዪ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መኪና የሚደርስበት ነው። የእንጦጦ ፓርክ አስፋልት፣ መጸዳጃ ቤትና የመቀመጫ ቦታ ስላለው ለዚህ ይመቻል። የጉዞውን ርዝመት በኪሎ ሜትር አትለኪው፤ በሰዓት ለኪው። የምትራመጂው አንድ ሰዓት ተኩል ከሆነ፣ 45 ደቂቃ ሲሞላ የትም ብትሆኚ ዙሪ፤ ጫፉ በዓይንሽ እየታየሽም ቢሆን።

እንደ ወንጪ ያሉ ቦታዎች ይህን ሕግ ያዘናጋሉ። እዚያ ቁልቁለቱ የሚመጣው መጀመሪያ፣ ጉልበትሽ ትኩስ ሳለ ነው፤ ዳገቱ የሚቀርሽ ከደከመሽ በኋላ ነው። ወደ ሐይቁ ሩብ ሰዓት ከወረድሽ መውጣቱ ቢያንስ እጥፉን እንደሚወስድብሽ ቆጥረሽ ውረጂ።

4. የመነሻ ሰዓትሽን ወስኚ።

ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ከዚያ በፊት በጨለማ መውጣት በጅብም በእንቅፋትም ምክንያት አይመከርም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በከፍታ ላይ ያለው ፀሐይ አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ቆዳን ያቃጥላል፣ የሰውነት ሙቀትንም ከፍ ያደርጋል። በሐምሌና በነሐሴ የአፈር መንገዱን ተዪውና በአስፋልቱ ላይ ብቻ ተራመጂ፤ የእንጦጦ ቀይ ጭቃ ጫማ ላይ ከተለጠፈ በኋላ የሶሉ ጥርስ ምንም አይጠቅምም።

5. ከመውጣትሽ በፊት ብዪ፣ በመንገድም ጠጪ።

ከመነሳትሽ አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ ቀለል ያለ ቁርስ ብዪ። በመንገድ ላይ በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጉንጭ ውሃ ጠጪ፤ እስኪጠማሽ አትጠብቂ። ነፍሰ ጡር የደም ስኳሯ ቶሎ ስለሚወርድ በየ45 ደቂቃው አንድ ሙዝ ወይም ጥቂት በሶ ያስፈልጋታል። በጾም ወራት እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ፣ በረመዳንም በጾም ሆኖ ዳገት መውጣት አይቻልም፤ ስለ ጾሙ ከንስሐ አባትሽ ወይም ከሃይማኖት መሪሽ ጋር ተነጋገሪ፣ የጉዞውን ቀን ግን ከጾሙ ቀን ለዪ።

መጸዳጃ ፍለጋ ላለመቸገር ብለው ውሃ የማይጠጡ ብዙ ሴቶች አሉ። ይህ ከማንኛውም ስሕተት ይልቅ አዘውትሬ የማየው ነው። የውሃ እጥረት ማሕፀን እንዲኮማተር ሊያደርግ ይችላል፤ ሽንት መቋጠር ደግሞ በእርግዝና ጊዜ በቀላሉ ለሚመጣው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በር ይከፍታል። ሶፍቱና ነጠላው ከዕቃዎቹ መካከል የተጻፉት ለዚህ ነው።

6. ፍጥነትሽን በንግግርሽ ለኪ።

የልብ ምት መቁጠሪያ ሰዓት አያስፈልግሽም፤ በእርግዝና ጊዜ የልብ ምት በራሱ ከፍ ስለሚል ቁጥሩ ያሳስትሻል። ከጎንሽ ላለችው ጓደኛሽ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳታቋርጪ መናገር ከቻልሽ ፍጥነቱ ልክ ነው። ቃላቱ በትንፋሽ መካከል መቆራረጥ ከጀመሩ ቀስ በዪ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ድካሙና ማቅለሽለሹ ፍጥነትሽን ሊቀንስብሽ ይችላል፤ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለው ጊዜ ብዙ ጊዜ ምቹ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሆድ ሲገፋ ጉዞውን አሳጥሪና ዳገቱን ቀንሺ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በሰፈር ውስጥ መራመድ በቂ ነው።

7. ቁልቁለቱን ከዳገቱ ይበልጥ ተጠንቅቀሽ ውረጂ።

ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል እንጂ እምብዛም አይጥልም፤ የሚጥለው ቁልቁለት ነው። ሆድ እየገፋ ሲሄድ የሰውነት ሚዛን ወደ ፊት ያደላል፤ የእርግዝና ሆርሞኖች የዳሌን፣ የጉልበትንና የቁርጭምጭሚትን ጅማቶች ያላላሉ፤ ከሰባተኛው ወር በኋላ ደግሞ እግርሽ የሚረግጠውን ቦታ ሆድሽ ይሸፍነዋል።

በሁለተኛው እርግዝናዬ ሰባተኛ ወር ላይ የወደቅሁት ከጫፉ ስንመለስ፣ ጨዋታው በደመቀበት ሰዓት ነው። የባሕር ዛፍ ደረቅ ቅጠል ያለበሰውን መንገድ ስረግጥ ከሥሩ የነበሩት ጠጣር ፍሬዎች እንደ ብይ ተንከባለሉና ቁጭ አልኩ። ምንም አልሆንኩም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅጠል የሸፈነውን መንገድ መጀመሪያ በምርኩዝ ጠርጌ ነው የምረግጠው። አንቺም እንዲሁ አድርጊ፤ ርምጃሽን አሳጥሪ፣ ጉልበትሽን ጥቂት አጥፊ፣ ምርኩዙን ከእግርሽ አስቀድመሽ ትከዪ፣ በጣም በሚያዘቀዝቀው ላይ ፊት ለፊት ከመውረድ ወደ ጎን እየዞርሽ ውረጂ። ከወደቅሽና ሆድሽ ከተመታ ሕመም ባይሰማሽም በዚያው ቀን ታዪ፤ የእንግዴ ልጅ መላቀቅ ወዲያው ላይታወቅ ይችላል።

8. ስታርፊ በጎንሽ ጋደም በዪ።

ከ20ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ በጀርባ ተንጋሎ መተኛት የከበደው ማሕፀን ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ ሥር እንዲጫን ያደርጋል፤ ማዞርና ማላብም ይከተላል። ነጠላሽን አንጥፈሽ በግራ ጎንሽ ተኚ ወይም ዛፍ ተደግፈሽ ተቀመጪ። ስትነሺ ቀስ በዪ።

9. ማቆሚያ ምልክቶቹን አጥኚ፤ አብሮሽ ለሚሄደው ሰውም ንገሪ።

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ጉዞው በዚያው ያበቃል፦ ደም ወይም ውሃ መፍሰስ፣ በየጊዜው እየመጣ የሚሄድ የሆድ ቁርጠት፣ የደረት ሕመም፣ ሳትራመጂ የሚመጣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማዞር ወይም ራስን መሳት፣ የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ፣ የአንድ እግር ባት ማበጥና መታመም፣ ከወትሮው የቀነሰ የፅንስ እንቅስቃሴ። በእነዚህ ምልክቶች «ትንሽ አርፌ ልየው» አይሠራም፤ ወደ መኪናው፣ ከመኪናውም ወደ ጤና ተቋም ነው የሚኬደው።

በመኪናው ውስጥ ቀበቶው ከሆድሽ በታች በዳሌሽ ላይ፣ የላይኛው ደግሞ በጡቶችሽ መካከል ይለፍ። ሆድ ላይ የሚያርፍ ቀበቶ በግጭት ጊዜ ጉዳቱን ያብሳል።

ከወሊድ በኋላ

10. አራስነትሽን በግቢ ውስጥ ተራመጂ።

ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ሞልቶ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ አለመውጣት ልማድ በሆነበት ቤት እንኳ ከአልጋ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ግቢ መራመድ ይቻላል፤ እግርን ማንቀሳቀስ ከወሊድ በኋላ ከሚፈራው የደም መርጋትም ይጠብቃል። በ5 ደቂቃ ጀምሪ። መለኪያሽ የሚፈስሽ ደም ነው፤ በተለምዶ ከቀይ ወደ ቡናማ፣ ከዚያም ወደ ነጣ ያለ ቀለም እየተለወጠ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ይቆያል። ከተራመድሽ በኋላ ተመልሶ ደማቅ ቀይ ከሆነ አብዝተሻልና በማግሥቱ ቀንሺ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ፓድ የሚያርስ ከሆነ፣ ወይም ትኩሳትና መጥፎ ሽታ ካለ በአስቸኳይ ሂጂ።

በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ስድስት ሳምንት እስኪሞላት ከሕፃኑ የሚከብድ ነገር አታንሣ፤ ዳገትንም ቁስሏ ታይቶ ሳይፈቀድላት አትጀምር።

11. የዳሌ ሥር ጡንቻሽን አጠንክሪ።

ሽንት ለመቋጠር የምንጨብጣቸውን ጡንቻዎች ለ5 ሰከንድ ያህል ጨብጠሽ ልቀቂ፤ ይህን አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ አድርጊ። ልጅ ተሸክመሽ ቁልቁለት ስትወርጂ የሚያርፈውን ክብደት የሚችሉት እነርሱ ናቸው። ሽንት እያፈሰስሽ ግን አትሞክሪው፤ ፊኛ በደንብ እንዳይወጣ ያደርጋል። በምትራመጂበት ጊዜ ሽንት ካመለጠሽ ወይም በብልትሽ ላይ ወደ ታች የሚጫን ነገር ከተሰማሽ የጤና ባለሙያ አማክሪ፤ «ወልጄ ነው» ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም። ሩጫና ዝላይ ቢያንስ 12 ሳምንት ይቆዩ።

12. አስተዛዘሉን በቤት ውስጥ ተለማመጂ።

ሕፃኑን ከማዘልሽ በፊት 5 ኪሎ ጤፍ በማዘያው አድርገሽ በቤት ውስጥና በደረጃ ላይ ሩብ ሰዓት ተመላለሺ። ወገብሽን ወይም ትከሻሽን ካመመሽ ማሰሪያውን እንደገና አስተካክዪ።

አንገቱ ያልጠና ሕፃን በፊት ለፊት፣ ደረትሽ ላይ ይታቀፍ። ፊቱ ሁልጊዜ ይታይሽ፤ ጎንበስ ስትዪ ግንባሩን መሳም እንድትችዪ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ አገጩ ከደረቱ ሁለት ጣት ያህል ይራቅ። አገጭ ደረት ላይ ከተደፋ የትንሽ ሕፃን የአየር መተላለፊያ ይታጠፋል፣ ድምፅም አያሰማም። እግሮቹ ተከፍተው ጉልበቶቹ ከመቀመጫው ከፍ ይበሉ፤ ይህ የዳሌ መጋጠሚያውን ይጠብቃል። በአንቀልባም ሆነ በሌላ ማዘያ ወደ ጀርባ የሚዞረው አንገቱን አጽንቶ መያዝ ሲችል፣ በአራት ወር ገደማ ነው። እናቶቻችን ከዚያ ቀድመው ያዝሉ ነበር፤ በዳገት ላይ ግን ጀርባሽ ላይ ያለውን ሕፃን ፊት ማየት ስለማትችዪ ጠብቂ።

13. የመጀመሪያውን ጉዞ በሜዳ ላይ፣ በአጭሩ አድርጊ።

ወዳጅነት ፓርክ ወይም የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ያለው ለጥ ያለ መንገድ ይበቃል፤ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ ጡት ማጥባት፣ ከዚያ መመለስ። ጭነቱ አሁን ከሆድ ወደ ደረት ወይም ወደ ጀርባ ስለተዛወረ ሚዛንሽን እንደ አዲስ ትማሪያለሽ። ጎንበስ ብለሽ ዕቃ አታንሺ፤ ጉልበትሽን አጥፊና ቁጢጥ በዪ።

14. ሕፃኑን ከፀሐይም ከሙቀትም ጠብቂ።

ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን የፀሐይ መከላከያ ቅባት አይመከርም፤ ባርኔጣና ጥላ ይበቁታል። ውሃም አይሰጠው፤ ቶሎ ቶሎ ጡት አጥቢው፣ አንቺ ግን ባጠባሽው ቁጥር አንድ ብርጭቆ ጠጪ። ሙቀቱን በእጁ ወይም በእግሩ አትለኪ፤ ጣትሽን በማጅራቱ አስገቢ። ላብ ካለ አንድ ልብስ አውልቂለት። «ብርድ እንዳይመታው» ተብሎ በጋቢ ላይ ነጠላ ተደርቦ የታዘለ የወንድሜን ልጅ አንድ ቀን ስገልጠው ጸጉሩ በላብ ርሶ ራሱ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት፤ ውጭው ግን በእርግጥም ብርድ ነበር።

የተለመዱ ስሕተቶች

- ከጉዞ በኋላ ድካም ለማውጣት ፍል ውሃ መግባት። ሶደሬም ይሁን ሌላ፣ የነፍሰ ጡርን ሙቀት ከ39 ዲግሪ በላይ የሚያደርስ ውሃ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለፅንሱ አደገኛ ነው። በቤትሽ ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ።
- ሲደክም በፈረስ ወይም በበቅሎ መመለስ። እንስሳው የቱንም ያህል ገራም ቢሆን ከዚያ ከፍታ መውደቅ ሆድን ይመታል። ቀስ ብሎ በእግር መመለስ ይሻላል።
- ከወሊድ በኋላ ሆድን በመቀነት አጥብቆ አስሮ ዳገት መውጣት። ጫናው ወደ ታች፣ ገና ወዳልጠነከሩት የዳሌ ሥር ጡንቻዎች ይሄዳል። ድጋፍ ካስፈለገሽ ትንፋሽ የማይከለክል ለስላሳ መደገፊያ ተጠቀሚ።
- ማርገዝን ከቡድኑ መደበቅ። ከፊት የሚመራው ሰው ካላወቀ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፣ አንቺም ላለመታወቅ ስትዪ ትከተዪዋለሽ።
- የሕፃኑን ፊት በነጠላ መሸፈን። ጥላ ካስፈለገው ነጠላውን በባርኔጣሽ ጠርዝ ላይ ጣል አድርገሽ ከፊቱ አርቂው፤ አየር ከሁለቱም ጎን ይግባ።
- ሕፃኑ ሦስት ወር ሳለ ይዘውት የተሳካን መንገድ ስምንት ወር ሲሞላው ሳያስተካክሉ መድገም። ሕፃኑ በዚያ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ጨምሯል፤ በጉዞ መሐል መውረድና መዳህም ይፈልጋል። የመዞሪያ ሰዓትሽን በየወሩ እንደ አዲስ አስዪው።